ማስተካከያ፦ ስለ ፈረስ ሚዛንና ስለ ዛብ አያያዝ

ባለፈው ሳምንት ለደሴ ፈረሰኞች ባቀረብኩት የፈረስ አገራር ጽሑፍ፣ ፈረሱ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ዛቡን (ከልጓሙ ጋር የተያያዘውን መያዣ ጠፍር) አጥብቆ በመሳብ አንገቱን ማስደፋት ይገባል ብዬ የጻፍኩት ስሕተት ስለሆነ፣ አንባብያንን ከልብ ይቅርታ እየጠየቅሁ እንደሚከተለው አርሜዋለሁ።

ፈረስ ቆሞ ሳለ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ሲሆን፣ ጋላቢ ሲጨመርበት ጫናው ይብሳል፤ ስለዚህ ሚዛን የሚገኘው አፉን በልጓም በማስጨነቅ ሳይሆን፣ የኋላ እግሮቹን ወደ ሆዱ ሥር አስገብቶ እንዲረግጥ በማስተማር ነው። ጋላቢው አስቀድሞ ወገቡን አቅንቶ በኮርቻው ላይ ይደላደላል፤ በባቱ የፈረሱን ጎን ለስለስ አድርጎ ይጫናል፤ ከዚያም ዛቡን ለቅጽበት ያዝ አድርጎ፣ ፈረሱ እንደታዘዘ ወዲያውኑ ያላላል። ማላላቱ ለፈረሱ ምስጋናው ነው፤ ይህን ሳልጽፍ መቅረቴ ከሁሉ በላይ ይቆጨኛል።

ለጀማሪ ፈረስ እንዲዞርበት ያልኩት የክብ ስፋትም (ከዳር እስከ ዳር) ከ10 ሜትር ወደ 20 ሜትር ይታረም፤ ጠባብ ክብ ገና ያልጠነከረ መገጣጠሚያን ያስጨንቃል። ለዚህ ልምምድ በደሴ አቅራቢያ ያለው የቦሩ ሜዳ ለጥ ያለ መሬት ሲስማማ፣ የጦሳ ተራራ ግርጌ ዳገት ግን፣ በእርምጃ ብቻ ሲወጣ፣ የኋላ እግርን ለማጠንከር ይጠቅማል። በሶምሶማ ቁልቁል መውረዱን ፈረሱ በሜዳ ላይ እስኪበረታ ድረስ አትሞክሩት።