ባነሩን ትንሽ ወደ ግራ

ምስጋና ለሚገባው ምስጋና መንፈግ ንፉግነት ነው። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት መስቀል አደባባይ ጥግ፣ በቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ደጃፍ፣ ከሁለት ኮስተር ለፈሰሱት ባለ አንድ ዓይነት ቲሸርት ወገኖቼ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የየትኛው መሥሪያ ቤት ሠራተኞች እንደነበሩ አልናገርም። ምን ያደርግላችኋል፤ ታውቋቸው የለ! ያው ባለፈው ጊዜ ለዕቅድ ግምገማ ቢሾፍቱ ወርደው ሐይቅ ገምግመው የተመለሱት ናቸው። እንዲያውም አንዳንዶቻችሁ ራሳችሁ ናችሁ። ቲሸርቱ አሁን ወለል መወልወያ ሆኗል አይደል?

እኔ የሄድኩት አክስቴን ይዤ ነበር። በዓመት አንድ ቀን ታናሽ ወንድሟን ልታይ ትሄዳለች። ልታይ ስል ፎቶውን ነው። መጀመሪያ ደጅ ካለው ሐውልት፣ ከሦስቱ ሐዘንተኛ ሴቶች ዘንድ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትንሽ ትቆማለች፤ ከዚያ ትገባለች። ሥርዓቷ ይኸው ነው፤ ማንንም አያስቸግርም። ዘንድሮ ግን ሐውልቱ ጋ መድረስ አልተቻለም። ባነር እየተሰቀለ ነበር።

ባነሩን ሳላወድስ ባልፍ ይቆጨኛል። ወርዱ አራት ሜትር ይሆናል። ከላይ ግራና ቀኝ ዓርማ፣ ከታች ቀን፣ መሐሉ ላይ በደማቁ «የሠራተኞች የታሪክ ግንዛቤ ማስጨበጫና የልምድ ልውውጥ ጉብኝት» ይላል። የልምድ ልውውጥ! ልውውጥ ሲባል እንግዲህ ሁለቱም ወገን የሚሰጣጡት አለ ማለት ነው። ውስጥ ያሉት፣ ከመስታወቱ ጀርባ የተደረደሩት፣ ያላቸውን ሰጥተው ጨርሰዋል፤ የራስ ቅላቸው ሳይቀር እዚያው ነው። የኛዎቹ በልዋጩ ምን ልምድ ይዘውላቸው እንደመጡ ለማወቅ ጓጓሁ። ምናልባት የውሎ አበል ፎርም አሞላል ይሆናል።

ባነሩ አልሰቀል አለ። ሦስት ጎረምሶች ፕላስተር ይቀዳሉ፤ አንደኛው በጥርሱ ነው። ሕዝብ ግንኙነቱ ካሜራውን አንግቦ ወደ ኋላው እያፈገፈገ «ትንሽ ወደ ግራ!» አለ። ወደ ግራ ሄደ። «የኔን ግራ እኮ ነው!» ወደ ቀኝ ተመለሰ። «ዓርማው ተቆረጠ፣ ከፍ አድርጉት!» ከፍ ሲል የአንደኛዋ ሴት ፊት ተሸፈነ። «በዛ፣ ዝቅ!» ዝቅ ሲል የሁለተኛዋ። በመጨረሻ ጉዳዩን የፈታው አንድ ብልህ ሰው ነው፤ የባነሩን ጫፍ ከሐውልቱ ጋር በፕላስተር አጣበቀው። ሦስቱም እናቶች ከግንዛቤ ማስጨበጫው ጀርባ ገብተው አረፉ።

ቀጥሎ አቋቋም መጣ። ኃላፊው መሐል ናቸው፤ ይኼ አያከራክርም። የሚያከራክረው ቀኛቸው ነው። ምክትላቸው ቀኙን ይዘው ሳለ አንዲት ሴት ዳይሬክተር «እኔ የት ልግባ?» አሉ፤ ምክትሉ ግማሽ እርምጃ ተነቃነቁ፤ ግማሽ እርምጃ ደግሞ ለሙሉ ዳይሬክተር አይበቃም። አንድ አጠር ያለ ሰው ከኋላ ስለተዋጠ ወደ ፊት ወጥቶ ተንበረከከ። እሱን አይተው አምስት ሰዎች ተንበረከኩ። የተንበረከኩት ቀኑን ሸፈኑት። ቀን የሌለው ባነር ለሪፖርት አይሆንም፤ ተነሡ። ተነሣ፣ ተጫን፣ ታየ፤ ምክትሉ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ድጋሚ። ኃላፊው ስልክ መጣላቸው። አነሡ። አርባ ሰው ባለበት ቀጥ ብሎ፣ አክስቴም ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ የስልኩን ወሬ አብረን ጨረስን። (የሲሚንቶ ጉዳይ ነበር።) ድጋሚ። አሁን ደግሞ ፀሐይ ዞራለች። «ኧረ ፈገግ በሉ፣ ልቅሶ ቤት አስመሰላችሁት እኮ!» አለ ሕዝብ ግንኙነቱ።

ፈገግ አሉ።

ቦታውን ታውቁታላችሁ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ደም ነው የተባለ ቀይ ነገር የተሞላባቸውን ጠርሙሶች እያነሣ የፈጠፈጠው እዚሁ አደባባይ ላይ ነው፤ ያኔ ስሙ አብዮት አደባባይ ነበር። በ12ኛው ቀን፣ በሜይ ዴይ ሰሞን፣ አዲስ አበባ በተማሪ ሬሳ ተሞላች። አንዳንዱን ሬሳ መንገድ ዳር ጥለው ጸረ አብዮት መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ደረቱ ላይ ይለጥፉበት ነበር። ባነር ያኔም ነበር እንግዲህ፤ የኛዎቹ ያመጡት ማሻሻያ ቀለሙንና ዓርማውን ነው።

ከዚያ ገቡ። ሰዓቴን አይቻለሁ፤ ለፎቶ 25 ደቂቃ፣ ለታሪክ 11 ደቂቃ። ይኼ ቅልጥፍና ካልተሸለመ ምን ይሸለማል? ሙዚየሙ ትንሽ ነው፤ ግን ከንጉሡ የመጨረሻ ዘመንና ከወሎ ረሀብ ይጀምርና 1966ን አልፎ ወደ ቀበሌው፣ ወደ ማሰቃያው፣ ወደ ጅምላ መቃብሩ ይዟችሁ ይወርዳል። ግድግዳውን የሞላው ፎቶ ነው፤ አፍሮ ያበጠሩ፣ ኮሌታቸው የሰፋ፣ አብዛኞቹ ጢም እንኳ በቅጡ ያላወጡ ልጆች። ከመቃብር የወጣውን አጥንት የማን እንደሆነ ለመለየት ከአርጀንቲና ድረስ ባለሙያ መጥቷል፤ ጥርስ ከጥርስ፣ ጨርቅ ከጨርቅ ሲያመሳክሩ ስንት ቀን ፈጅቶባቸዋል። ምስኪኖች! የኛን ሰዎች ቢጠሯቸው እኮ ሁለት መስኮት በአንድ ደቂቃ ይጨርሱላቸው ነበር።

ሁሉም ዝም ብሎ አለፈ ማለቴ አይደለም። አንዷ መስታወቱን በጥፍሯ ኳ ኳ አድርጋ «የእውነት አጥንት ነው?» ስትል፣ ጓደኛዋ «የእውነት ቢሆንማ ይሸት ነበር» ብላ በሳይንስ መለሰችላት። አስጎብኚው፣ በዚያ ዘመን ታስረው በተአምር የተረፉ ሽማግሌ ናቸው፣ ዋናው ሰውዬ በግንቦት 1983 ወደ ዚምባብዌ መኮብለሉን፣ ታኅሣሥ 1999 በሌለበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ መባሉን፣ በ2000 ደግሞ ሞት እንደተፈረደበት ሲያስረዱ፣ አንዱ «ሐራሬ አየሯ ደስ ይላል ይባላል» ብሎ ዕውቀት ጨመረ። ከኋላዬ ደግሞ ያ የማይቀረው ሰውዬ ነበር። ሁላችንም ቤት አለ፤ ታክሲ ውስጥ አለ፤ ልቅሶ ቤት ሄዶ የንፍሮውን ጨው የሚያማው እሱ ነው። የራስ ቅሎቹን አየት አደረገና «ቢሆንም ያኔ ጤፍ ርካሽ ነበር» አለ። አክስቴ ሰማችው። «ደግሞ ጸጥታ ነበር» ብሎ ጨመረበት።

ነበር። አያቴ ልጇ ተገድሎ ደጇ ላይ ሲጣል እንዳታለቅስ ተከልክላለች። የገደሉበትን ጥይት ዋጋ ክፈይ ተብላ፣ ከፍላ ነው ሬሳውን ያነሣችው። ከፍላ! ድንኳን አልተጣለ፣ ደረት አልተመታ፣ ጎረቤት እንኳ እግዜር ያጥናሽ ብሎ በሯን ለመርገጥ ፈርቷል። አፏን በነጠላዋ ጠቅጥቃ፣ ቡና እየቆላች ጭሱን አመካኝታ ነው ያነባችው። አክስቴ ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ሙቀጫውን እንድትወቅጥ ታዘዘች፣ የእናቷ ሲቃ ውጭ እንዳይሰማ። የምትለው ጸጥታ ይኼ ነው። አፈር ብላ፤ አንተም፣ የጤፍህ ሒሳብም!

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ።

ወደ ማሰቃያው ክፍል ስንደርስ አስጎብኚው ስለ ወፌ ላላ አስረዱ። በቃል ብቻ አይሆንላቸውም። እጅ እንዴት ከጉልበት ጋር እንደሚታሰር፣ እንጨቱ እንዴት በጉልበት ሥር እንደሚያልፍ፣ ሰውዬው እንዴት ተዘቅዝቆ ውስጥ እግሩን እንደሚገረፍ ለማሳየት፣ ያንን አሮጌ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ በአንድ እጃቸው ወለሉን ተደግፈው ቁጢጥ አሉ። የጉልበታቸው ቋ ማለት ተሰማኝ። በቀስታ አስረድተው፣ ግድግዳውን ይዘው፣ በሁለት ትንፋሽ ቀና አሉ።

«ፋዘር፣ ይቅርታ» አለ አንድ ልጅ ስልኩን ወደ ላይ ይዞ። «ቪዲዮው አልጀመረልኝም ነበር፤ አንዴ ይድገሙልን?»

ልብ በሉ፣ ይህ ቤት የተሠራው እንዳይደገም ተብሎ ነው። በ2002 ዓ.ም. ሲከፈት የተባለው ይኸው ነበር፤ ደጁ ላይም የተጻፈው ይኸው ነው። ሽማግሌው ልጁን አዩት። ቆጣ የሚሉ መስሎኝ ነበር። አላሉም። ደገሙለት። ልጁ ደግሞ ጨዋ ነው፤ ሲጨርሱ «ተባረኩ» ብሎ ሙዚቃ ሊጨምርበት ጥግ ያዘ።

መውጫው ላይ የጎብኚዎች መዝገብ ተቀምጧል። ኃላፊው ብዕር ተቀበሉ፤ ካሜራው ተነሣ፤ ሳይጽፉ የመጻፍ ፎቶ ተነሡ፤ ከዚያ ጻፉ። ወረፋዬ ደርሶ ሳየው ቀለሙ ገና አልደረቀም። በሚያምር የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ባየነው ነገር ሁሉ እጅግ ተደስተናል። ተጠናክሮ ይቀጥል!»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ተጠናክሮ የሚቀጥለው ምኑ ነው? ኃላፊው ክፉ ሰው አይደሉም፤ እጃቸው ነው የጻፈው። ያ እጅ በውኃ ጉድጓድ ምረቃም፣ በደም ልገሳም፣ በስንብት ግብዣም የሚጽፈው ይህንኑ ነው። ያኔ የነበሩት «ቀይ ሽብር ይፋፋም» ብለው ለመጻፍ ቢያንስ ምን እንዲፋፋም እንደሚፈልጉ ያውቁ ነበር። እኔም ብዕሩን ይዤ ቆየሁና ምንም ሳልጽፍ መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያ በታች ምን ይጻፋል?

አክስቴን ወንድሟ ጋ አገኘኋት። ከሥር ካለው ረድፍ ስለሆነ ጎንበስ ማለት አለባት። በመሐረቧ መስታወቱን ትወለውላለች፤ የሰው ጣት አርፎበታል። «አንተ ልጅ፣ ሰዎቹ ሄዱ?» አለችኝ ሳትዞር።

«ሄዱ እቴቴ። ምሳ ይጠብቃቸዋል።»

ስንወጣ ባነሩ ተጠቅልሎ ተጭኗል። ኮስተሮቹ ሞተር አስነሥተው ሽንት ቤት የቀረ ሰው ይጠብቃሉ። ሐውልቱ ጋ ደረሰች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ቀና ስትል አየችው። አንደኛዋ ሴት ትከሻ ላይ ስንዝር የሚያህል ፕላስተር ቀርቷል፤ ጫፉ ላይ የተቀደደ የባነር ቁራጭ አለበት፣ «ጨበጫ» የሚል። አክስቴ በእግሯ ጣት ቆማ በአውራ ጣቷ ጥፍር ትፍቀው ጀመር።

«ተይው እቴቴ፣ የሚመለከታቸው ያነሡታል» አልኳት።

«እነማን?» አለች።

ሁለተኛው ኮስተር ክላክስ አደረገ።