ባዶ ጠርሙሱን ማን ይመልሳል?

ሃይድሮጂንን የሚያስቀምጥ ዱቄት ከማዕድን ተገኘ፣ ቤንዚን አለቀለት የሚል ወሬ በየጥቂት ዓመቱ ብቅ ይላል፣ ሰውም ሼር ያደርገዋል፣ ከዛ ዝም ይባላል። ወሬው ውሸት ነው አልልም፣ የሚያናድደኝ የማይወራው ግማሹ ነው።

ችግሩ የምር ችግር ነው። ሃይድሮጂን በኪሎ ከቤንዚን ሦስት እጥፍ ገደማ ጉልበት አለው፣ ግን ጋዝ ስለሆነ ቦታ ይፈጃል፣ መኪና ውስጥ ይግባ ካልክ ወይ በ700 ባር ትጨምቀዋለህ (የመኪናህ ጎማ ከ2 ባር ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ አስበው) ወይ ደሞ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ አውርደህ ፈሳሽ ታደርገዋለህ። ሰው ከወንበሩ ስር 700 ባር ይዞ መሄድ ቢፈራ አይፈረድበትም።

ቦራክስ የመጣው ለዚህ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ሞሃቪ በረሃ ውስጥ፣ ቦሮን በምትባል ከተማ የሚቆፈር ነጭ ማዕድን ነው፣ ልብስ ማጠቢያ ዱቄት ውስጥ ይገባል፣ ለበረሮ የምንነሰንሰው ቦሪክ አሲድም ዘመዱ ነው። ቱርክ ደሞ ከዓለም ክምችት ከግማሽ በላዩን ይዛ ቁጭ ብላለች። ከቦራክስ ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ የሚባል ነጭ ዱቄት ይሰራል፣ ትንሽ ኮስቲክ ሶዳ በገባበት ውሃ ትበጠብጠውና ታንከር ውስጥ ታስቀምጠዋለህ፣ ያለ ምንም ግፊት ይቀመጣል፣ ሃይድሮጂን ስትፈልግ ሩቴኒየም የሚባል ብረት ያለበት ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ኬሚካላዊ ለውጡን የሚያፋጥን ነገር) ላይ ታሳልፈዋለህ፣ ጋዙ ይወጣና ፊውል ሴል ውስጥ ኤሌክትሪክ ይሆናል። እኔ በጣም የምወደው ደሞ ከሚወጣው ሃይድሮጂን ግማሹ ከዱቄቱ ሳይሆን ከውሃው መምጣቱ ነው።

የወረቀት ህልም ብቻም አልነበረም። ክራይስለር በ2001 እ.ኤ.አ. ናትሪየም የሚባል ሚኒቫን ሰርቶ አሳይቷል፣ በዚሁ ፈሳሽ 480 ኪሎሜትር ገደማ ይሄዳል የተባለለት።

ታዲያ የት ገባ? አገር ቤት ለስላሳ ስትገዛ ባዶ ጠርሙስ ካልያዝክ ባለሱቁ ወይ ማስያዣ ይጠይቅሃል ወይ እዚሁ ጠጣ ይልሃል። ቦሮሃይድራይድም እንደዛ ነው። ቤንዚን ተቃጥሎ በጭስ ማውጫ ይሄድልሃል፣ ይሄኛው ግን ሃይድሮጂኑን ከሰጠ በኋላ ሶዲየም ሜታቦሬት የሚባል ጨው ሆኖ አብሮህ ይቀራል፣ ያውም የውሃውን ኦክስጅን ስለሚይዝ ክብደት ጨምሮ። 5 ኪሎ ሃይድሮጂን ለማግኘት በሒሳብ 23 ኪሎ ተኩል ገደማ ዱቄት ይበቃል፣ የሚቀርህ ጨው ግን ወደ 41 ኪሎ ነው፣ የሚሟሟበትን ውሃ ሳንቆጥር። ስለዚህ ማደያ ስትሄድ መቅዳት ብቻ ሳይሆን አተላውን ማራገፍም አለ፣ ቦቴውም አንዱን አምጥቶ ሌላውን ጭኖ ይመለሳል።

እሱ እንኳን ይቻላል፣ ቢራ ፋብሪካዎች በየቀኑ ይሰሩታል። ግን የቢራ ጠርሙስ ታጥቦ ይሞላል። ሜታቦሬትን አጥበህ አትሞላውም፣ ውስጡ ያለው ቦሮን የሚባል ንጥረ ነገር (ከተማዋም የተሰየመችበት) አንዴ ኦክስጅን ከያዘ በቀላሉ አይለቅም። ዱቄቱ የሚሰራበት የቆየው መንገድ ደሞ ሶዲየም ሜታል ይፈልጋል፣ ሶዲየም ሜታል የሚገኘው የቀለጠ ጨው ውስጥ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ ነው፣ ማለት መኪናው ላይ ከሚያገኘው በጣም የሚበልጥ መብራት ፋብሪካው ላይ ተበልቶ አልቋል። የአሜሪካ ኢነርጂ ዲፓርትመንት በ2007 እ.ኤ.አ. አስገምግሞ ይሄ መንገድ ለመኪና ይቅር የተባለውም በዚህ በዚህ ነው።

ማዕድን ሲባል እንደ ድፍድፍ ዘይት ጉልበቱን ይዞ ከመሬት የሚወጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ቦራክስ ጠርሙሱ ነው፣ መጠጡን የምትሞላው አንተ ነህ፣ የመሙያውን መብራትም የምትከፍለው አንተ። ክምችት አለን ብሎ ነዳጅ አለን ማለት ለኔ አይዋጥልኝም።

ነገሩን ጨርሶ መቅበርም ግን አልወድም። አምስተርዳም ወደብ ኒዮ ኦርቢስ የምትባል ጀልባ በዚሁ ኬሚካል እንድትሄድ ተሰርታለች፣ ይሄኛው ቦታ ልኩ ይመስለኛል። የወደብ ጀልባ እንደ ቤት መኪና አገር ለአገር አይዞርም፣ ወደ መቆሚያው ይመለሳል፣ አተላውን እዛው ያራግፋል፣ አዲሱን እዛው ይቀዳል፣ የጨው ክብደት ደሞ ጀልባን እንደ መኪና አያስጨንቅም። የሚቀረው አተላውን በርካሽ መልሶ ዱቄት ማድረግ ነው፣ እሱ ላይ እስካሁን በርካሽ አደረግኩት የሚል ፋብሪካ አላየሁም።