ድራፍት ስላችሁ ቢራው አይደለም

ባለፈው ሚያዝያ አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ ጋ ደወልኩና "ዛሬ ማታ ድራፍት አለ፣ እንቅልፍ የለም" አልኩት። "በጃምቦ ነው በሲንግል?" አለኝ። ሳቅኩ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚህ ዋሽንግተን የኮማንደርስ ደጋፊ ሆኖ ለከረመ ሰው ጃምቦው ይሻለው ነበር። ቢያንስ የከፈልክበትን ትጠጣለህ።

ኮማንደርስ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ነው፣ ያ በእጅ የሚጫወቱት። አርሰናል አንድ ልጅ ካማረው ብሩን ቆጥሮ ይገዛል። እዚህ እንደዚያ አይሠራም። ከኮሌጅ የሚወጡትን ልጆች 32ቱ ቡድኖች በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ በሰባት ዙር ተራ በተራ ይመርጧቸዋል። ድራፍት የምላችሁ ይኼ ነው። ውራ የወጣው መጀመሪያ ይመርጣል። ደሞዝም ጣሪያ አለው፤ ሀብታም ነኝ ብለህ እንዳሻህ አትረጭም። ስለዚህ የመምረጫ ተራህ የዘር እህልህ ነው። ከፈለግክ ተራውን ለሌላ ቡድን አሳልፈህ መስጠት ትችላለህ። የኔ ብሶት እዚህ ጋ ይጀምራል። የኛዎቹ ዘሩን እየቆሉ ሲበሉ ነው የኖሩት!

እኔ በዲቪ የመጣሁት በ2012 ነው። ፓርኪንግ ውስጥ ሥራ ጀመርኩ። ጨዋታውን ያስተማረኝ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጋሼ ነው። ያን ዓመት ከተማው ሁሉ አርጂ ስሪ፣ አርጂ ስሪ ይላል። ሮበርት ግሪፈን ሦስተኛው፣ ከኮሌጅ የሚወጣ ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሱን ወርዋሪና ጨዋታውን መሪ። እሱን ለማግኘት ከስድስተኛ ተራ ወደ ሁለተኛ ከፍ ማለት ነበረባቸው። ለዚያ ብለው ለሴንት ሉዊስ ራምስ የሦስት ዓመት የመጀመሪያ ዙር ተራና አንድ የሁለተኛ ዙር ተራ ሰጡ። ጋሼ "አትቸኩል፣ እነዚህን እኔ አውቃቸዋለሁ" አለኝ። በ2009 ለአልበርት ሄይንስወርዝ የ100 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት ሲሰጡ አይቷላ። ሰውዬው 20 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶላቸው ሄደ።

እኔ አልሰማሁም። 10 ቁጥር ማልያ ገዛሁ። ልጁ ደግሞ እውነትም ይሮጣል! የመጨረሻዎቹን ሰባት ጨዋታዎች በተከታታይ አሸንፈን ምድቡን በላን። ከዚያ ጥር 2013 ሲያትል መጣ። 14 ለ 0 እየመራን እኮ ነው። ጉልበቱ ቀድሞም ታሞ ታስሮለታል። ግን ማን ያውጣው? አራተኛው ሩብ ላይ ኳሷ ተንከባላ መጣችበት፣ ሊያነሳት ዞር ሲል ጉልበቱ ማንም ሳይነካው ታጠፈ። 24 ለ 14 ተሸነፍን። ልጁም ከዚያ ወዲህ ያ ልጅ አልሆነም።

በቀጣዩ ዓመት 3 አሸንፈን 13 ተሸነፍን። ከሊጉ ሁለተኛውን ተራ የሚያስገኝ ውጤት ነበር። ተራው ግን የማን ነው? የራምስ! ይኼም ሳያንስ በታኅሣሥ 2014 ራምሶች እኛው ሜዳ ላይ መጡ። ሳንቲም ሲጣል አንበሎቻቸው ወጡ። ስድስት ናቸው። ስድስቱም ከኛ የወሰዱትን ተራ እየመነዘሩ ያገኟቸው ልጆች! ሰልፋቸውን አሳምረው ቆሙ። በሬህን የገዛ ጎረቤት አንተው ደጅ ላይ ጠምዶ ሲያርስብህ አስቡት። 24 ለ 0 ቀጥቅጠውን ሄዱ። ጋሼ ያን ቀን አንድ ቃል አልተናገረኝም። ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር።

(በዚያው በ2012 ድራፍት፣ በአራተኛው ዙር፣ 102ኛ ላይ ከርክ ከዘንስን መርጠው ነበር። ለዓመታት የተጫወተላቸው እሱ ነው። እሱንም በቅጡ ሳይዙት በ2018 ሚኒሶታ ሄደ። ተዉኝ።)

እሺ፣ 2024 መጣ። አዲስ ባለቤት፣ አዲስ አመራር። በራሳቸው ሁለተኛ ተራ፣ ማንንም ሳይለምኑ፣ ኳርተርባኩን ጄይደን ዳንኤልስን መረጡ። 12 አሸንፈን 5 ተሸነፍን። ቺካጎን በመጨረሻው ሰከንድ በተወረወረ ኳስ ስናሸንፍ ፓርኪንጉ ውስጥ ጮኬ የአንዱ መኪና አላርም የጮኸ መስሎት ጥበቃው ሮጦ መጣ። ለሱፐር ቦል፣ ለዋንጫው ፍጻሜ፣ አንድ ጨዋታ ቀርቶን ነው ፊላደልፊያ 55 ለ 23 ያባረረን። ቢሆንም አልከፋኝም። ልጁ ገና ነው፣ በዙሪያው ቀስ ብለው ወጣት ይተክላሉ አልኩ።

ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ደረስን ብለው እንደገና ተራ ወደ መመንዘር ገቡ። ኳርተርባኩን ለሚከላከለው ለላረሚ ታንሲል ሂውስተንን ተራ በተራ ላይ ደርበው ከፈሉት። ቮን ሚለርን በ36 ዓመቱ አስፈረሙ። ታንሲል ጎበዝ ነው፣ አልካድኩም። ግን ቡድን በሽማግሌ ብቻ አይሞላም፤ ይኼ እድር አይደለም! ኅዳር 2025 ሲያትል መጣ። አዎ፣ ያው ሲያትል። 38 ለ 7 እየተመራን፣ ጨዋታው አልቆ፣ ዳንኤልስ አሁንም ሜዳ ላይ ነው። ክንዱ ከክርኑ ወለቀ። ቲቪውን አጠፋሁት። ባለቤቴ ከኩሽና "ደግሞ ጉልበቱ ነው?" አለችኝ። ኳስ አታይም እኮ እሷ።

ያ 10 ቁጥር ማልያ አሁን ቤት ስወለውል የምለብሰው ነው። 5 ቁጥሩን ገና አልነካሁትም፣ ፈርቼ።

የሚያዝያ 2026 ድራፍት ሁለተኛ ዙር አርብ ማታ ነው። የኛ የሁለተኛ ዙር ተራ ሂውስተን ሄዷል፣ ለታንሲል። ስለዚህ ያን ሰዓት ሥራ የለኝም። ሃምሳው ስለሆነ ጾምም የለም። ጋሼን ይዤ ሲልቨር ስፕሪንግ ወርጄ ክትፎ አዛለሁ። ወንድሜ ከደወለ በጃምቦ ነው በሉት።