«ይለምዳሉ»

መስማት የተሳናቸው ልጆች ከሚሰሙት ጋር በአንድ ክፍል ይማሩ ወይስ ለብቻቸው? ሁለት ሰዎች በጽሑፍ ተከራክረውበታል። አንዷ የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህርት ናቸው፤ አብረው ይማሩ ይላሉ። ሌላው መስማት የተሳናት የ11 ዓመት ልጅ አባት ናቸው፤ አይሆንም ይላሉ።

መምህርት

14 ዓመት ልዩ ክፍል፣ መስማት የተሳናቸው ለብቻቸው የሚማሩበት፣ አስተምሬአለሁ። የልዩ ክፍልን ጉድ ማንም አይነግረኝም። ክፍላችን ከመጋዘኑ ጎን ነበር፤ የተሰበረ ወንበር ከሚከማችበት። ዕረፍት ሲደወል ሌሎቹ ሜዳው ላይ ይፈሳሉ፣ የእኔዎቹ ግን አጥሩን ይዘው ይቆማሉ። ወደ መደበኛው ክፍል ሲሻገሩ ከግቢው ሰው የሚያውቁት እኔን ብቻ ነው።

ደግሞስ ልዩ ትምህርት ቤት የት አለና? ያሉት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ከተማ ውስጥ። የመንዝ ገበሬ ልጁን የት ይውሰዳት? «ልዩ ትምህርት ቤት እስኪሠራ ጠብቂ» ማለት ለእሷ ቤት ቁጭ በይ ማለት ነው። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። አንቀጽ 24 አካቶ ትምህርትን፣ ማለትም አብሮ መማርን፣ ግዴታ ያደርጋል። የትነበርሽ ንጉሤን እዩ። ዐይነ ስውር ናት። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሚያዩ ልጆች ጋር ተማረች፣ የሕግ ባለሙያ ሆነች፣ በ2010 ዓ.ም. «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ወሰደች።

መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ይቸገራሉ፤ አልክድም። ግን ልጅ ልጅ ነው። ይለምዳሉ።

አባት

ይለምዳሉ! እንዴት ደስ የሚል ቃል ነው።

ልጄ ሦስተኛ ክፍል እያለች አንድ ማታ ከመንገድ ገብቼ ደብተሯን አገላበጥኩ። ጽሑፏ እንደ ማተሚያ ነው። ገጹ ሁሉ ራይት ተደርጎበታል። «የተክል ክፍሎች፦ ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል» ይላል። ከቅጠል ቀጥሎ የአምስት ልጆች ስም ተደርድሯል። አንደኛው ስም ጎን ሁለት ኤክስ አለ። ግራ ገባኝ። በማግስቱ የጎረቤታችንን ልጅ ብጠይቀው ከት ብሎ ሳቀ። ለካ የክፍሉ አለቃ ሰሌዳው ጥግ ላይ የጻፈው የረባሾች ስም ነው! ልጄ ትምህርት መስሏት ገልብጣዋለች። መምህሩም አይቶ ራይት አድርጎበታል።

ለመደች ማለት ይህ ነው። መገልበጥ ለመደች።

የትነበርሽን ባያነሷት ይሻል ነበር። እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማረችው ሻሸመኔ፣ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው። ምኒልክ የገባችው በጣት የሚነበበውን ብሬይሏን ጠንቅቃ ከያዘች በኋላ ነው። ደግሞ ማየት የማይችል ልጅ መምህሩን ይሰማል። የእኔዋ ምኑን ትስማ? አንቀጽ 24ን ሲጠቅሱስ ንዑስ አንቀጽ 3ን ምነው ዘለሉት? የምልክት ቋንቋን መማርን፣ መስማት የተሳናቸውን ሰዎች የቋንቋ ማንነት ማጎልበትን የሚያዘው እሱ ነው።

መምህርት

ወንድሜ፣ በደብተሩ ጉዳይ ከልቤ አዝኛለሁ። ግን የወቀሱት አካቶን አይደለም። ልጅን 60 ተማሪ መሀል ያለ አስተርጓሚ ማስቀመጥ መጣል ይባላል። እኔ አካቶ ስል አስተርጓሚ አለ፣ የመርጃ ማዕከል አለ፣ የምልክት ቋንቋ የሚችል መምህር አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እኮ የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ያስተምራል።

«ይለምዳሉ» ያልኩትም ስለ ጓደኝነቱ ነበር። አሁን ባለሁበት ግቢ የሚሰሙት ልጆች የጣት ፊደሉን፣ ፊደላትን በእጅ ማሳየቱን፣ በአንድ ወር ጨረሱት። (ፈተና ላይ ለመኮራረጅ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ቢሆንም ቻሉት።)

አባት

አሁን ደግሞ ስለ ጓደኝነት ሆነ? እሺ። «ልጅ ልጅ ነው፤ ይለምዳሉ» ብለው ሲጽፉ አስተርጓሚ የሚል ቃል አልነበረም። አሁን መጣ። «ልዩ ትምህርት ቤት የት አለና?» ብለውኝ ነበር። የመንዙ ትምህርት ቤት አስተርጓሚስ የት አለና? በየቀበሌው ለአንድ አንድ ልጅ አስተርጓሚ ሊቀጥሩ ነው? 20 ልጅ አንድ ቦታ ቢሰበሰብ አንድ ጎበዝ መምህር ይበቃል። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም።

ቋንቋ የሚለመደው ከሚናገሩት ሰዎች መሀል ነው። ልጄን አምና አዳሪ፣ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት አስገባኋት። ለገና ስትመጣ እጇ አላርፍ አለ። እራት ላይ እንጀራዋን ትታ ትተርካለች። ፊቷ፣ ትከሻዋ፣ ቅንድቧ ሁሉ ያወራል። ድሮ እኮ ጥግ ይዛ የምትቀመጥ ልጅ ናት። ምን እንዳለች ባላውቅም እንባዬ መጣ።

መምህርት

«ምን እንዳለች ባላውቅም»።

ይህን እኔ አልጻፍኩም። 11 ዓመት ሙሉ! ልጅዎ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ ይዛ ቤቷ ገባች፤ የሚሰማት ሰው አጣች። ክረምቱን ሁለት ወር ከማን ጋር ልታወራ ነው? ቋንቋ ከሚናገሩት መሀል ነው ካሉ፣ ቤትዎ ውስጥ ማን ይናገራል?

ልዩ ክፍል ሳለሁ ወላጆች ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው የምልክት ቋንቋ እንዲማሩ ለመንኩ። ከ22 ቤተሰብ ሦስት ሰው መጣ። ሦስቱም እናቶች ናቸው። አባት የሚባል አላየሁም። ልጅን አዳሪ ልኮ «ቋንቋዋን አገኘች» ማለት ቀላል ነው።

አባት

ቀላል ነው? የሰባት ሰዓት መንገድ አድርሼያት፣ በሩ ላይ ጣቶቿን ከጃኬቴ ሳስለቅቅ እርስዎ አልነበሩም።

ክርክሩ ስለ ትምህርት ቤት መስሎኝ ነበር። ስለ እኔ ቤት ከሆነም ልንገርዎ። የተሳቢ ሾፌር ነኝ፤ ጅቡቲ መስመር። ቅዳሜ የለኝም። የጣት ፊደሉን ግን ይዤአለሁ። የእጁ ቅርጽ ፊደሉን ይነግራል፣ እንቅስቃሴው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ይለየዋል፤ ሰባት ዓይነት። ጋላፊ ድንበር ላይ ወረፋ ስጠብቅ መሪው ላይ እለማመዳለሁ። ረዳቴ አበደ ብሎኛል። ራብዑና ኃምሱ ይምታታብኛል፤ ስሟን ስጽፍላት አንዷን ፊደል ሁሌ እስታለሁ። ትስቅና ጣቴን ይዛ ታስተካክለኛለች።

ይህንን ማን አስጀመረኝ? አዳሪው። ያ መደበኛ ትምህርት ቤት አራት ዓመት ሲያስገለብጣት አንድ ቀን «ኑ ተማሩ» አላለኝም። ለመዋጮ ግን ጠርቶኛል።

መምህርት

ጣት ፊደል ቋንቋ አይደለም፤ ስም መጻፊያ ነው። ያውቁታል ብዬ ነው።

የቅዳሜውን ክፍል ሊከፍትልዎ የሚችለው ሰፈርዎ ያለው ትምህርት ቤት ነው። ቅዳሜ ካልተመቸዎ እሑድ። ለእናቷ፣ ለወንድሞቿ፣ ለሱቁ ልጅም ጭምር። ሰባት ሰዓት የሚያስነዳ ትምህርት ቤት ይህን ሊያደርግ አይችልም። አብረው ይማሩ የምለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልለምንዎ። የረባሾቹ ስም ያለባትን የደብተር ገጽ ፎቶ ይላኩልኝ። ክረምት ላይ ለመምህራን ሥልጠና እሰጣለሁ፤ ላሳያቸው።

አባት

እንግዲያው «አብረው ይማሩ» ቀርቶ «አባትየው ይማር» ሆነ ማለት ነው። ግድ የለም። ይክፈቱት፣ ከመንገድ ስገባ እመጣለሁ።

ፎቶውን አልልክም። ልጄ ያንን ደብተር በክረምቱ ራሷ አግኝታው አነበበችው። አሁን መገልበጥ ሳይሆን ማንበብ ነው። ስሞቹ ጋ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ፤ ምን እንደሆኑ ጠየቀችኝ። የምልክት ቃሉን ስለማላውቀው «ረባሽ»ን በጣቴ ፊደል በፊደል ጻፍኩላት። ተሳስቼ ሁለቴ ደገምኩት። ገጹን ቀደደችው።