ቁልፉ እምቢ ሲል ጉልበት አትጨምሩ

ቁልፍ በመሣሪያ ጎርጉሮ መክፈትን ለመዝናኛ የሚለማመዱ ጀማሪዎች ሲቸገሩ፣ «ማዞሪያውን (ቁልፉን ለመጠምዘዝ የሚገባውን ትንሽ ብረት) ጠንከር አድርጋችሁ ጫኑት» የሚል ምክር ደጋግሞ ሲሰጥ አያለሁ። በቅንነት የተሰጠ ነው፤ ግን እውነቱ ተቃራኒው ነው።

በቁልፉ ውስጥ ያሉት ፒኖች፣ ማለትም መክፈቻው ሲገባ ከፍ የሚሉት ትንንሽ ዘንጎች፣ ሲሠሩ ፍጹም እኩል አይሆኑም። ሲሊንደሩን (መክፈቻው የሚገባበትን፣ የሚዞረውን ክፍል) በስሱ ስትጠመዝዙት መጀመሪያ አንዱ ፒን ብቻ ይያዛል። እሱ ልኩ ድረስ ሲነሳ ሲሊንደሩ ቅንጣት ታህል ይዞራል፣ ቀጥሎ ሌላው ይያዛል። ጉልበት ከበዛ ግን ብዙዎቹ ባንዴ ይያዛሉ። ጣታችሁ የትኛው የቱ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል፣ ፒኖቹን የምትገፉባት ቀጭን መሣሪያም ትጣመማለች። ብዙ ሰው «እጄ ለዚህ አልተፈጠረም» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። (እኔም ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር።)

ራሳችሁ ፈትሹት። በር ላይ ያለ ሳይሆን የራሳችሁ የሆነ፣ ለልምምድ የተቀመጠ ቁልፍ ውሰዱ። ማዞሪያውን ሳትነኩ ፒኖቹን አንድ በአንድ ግፉ፤ ሁሉም እንደ ሞላ ይመለሳሉ። አሁን ማዞሪያውን በጣት ጫፍ ብቻ ነካ አድርጉ። አንዱ ደርቆ ሌሎቹ ከተመለሱ ልኩ ያ ነው። ሁሉም ከደረቁ ግን ጫናውን ቀነስ አድርጉ። ጫናውን ስትቀንሱ የተነሱት ፒኖች ቢወድቁ አይክፋችሁ፣ እንደገና ጀምሩ።