የሩዙ ሳጥንና የእናቴ ሰፌድ

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የአራት ዓመት ልጄ ትምህርት ቤት በገባ ሰሞን ጫጫታ ሲበዛበት ጆሮውን ይዞ ይጮህ ነበር። አንድ ቀን ልወስደው ስሄድ ጥግ ላይ ዝቅ ካለ የፕላስቲክ ሳጥን ፊት ተንበርክኮ አገኘሁት። ሳጥኑ ጥሬ ሩዝ ሞልቶታል። በኩባያ ይዝቃል፣ ከፍ አድርጎ ያንቆረቁራል፣ ከዚያ እጁን እስከ ክርኑ ይቀብራል። ሌሎቹ ልጆች ይንጫጫሉ፤ እሱ ቀና እንኳ አላለም።

መጀመሪያ ደነገጥኩ። እኛ ቤት መሬት የወደቀች ፍሬ ትለቀማለች እንጂ በእህል አይጫወትም። አስተማሪዋ ግን «ሴንሰሪ ቢን»፣ ማለትም የመዳሰሻ ሳጥን፣ እንደሚባል አስረዳችኝ። ልጁ ሲረበሽ እጁ የሚዳስሰው ነገር ካገኘ ሐሳቡ እዚያው ይሰበሰባል። ነገሩ ሥር አለው፤ የካሊፎርኒያዋ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጂን ኤይርስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ አንጎል ከቆዳ፣ ከጡንቻና ከጆሮ የሚመጣለትን ስሜት እንዴት እንደሚያቀናጅ ስታጠና ቆይታለች። ዛሬ እዚህ አገር አሸዋው፣ የመጫወቻው ሊጥ፣ ከበድ ያለው ብርድ ልብስ ሁሉ በገንዘብ ይገዛል።

ማታ ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ ደውዬ ነገርኳት። «ታዲያ አንተን በምን አባብዬ ያሳደግሁህ መሰለህ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ስነጫነጭባት ሰፌድ ላይ ምስር ታፈስና «ጠጠሩን ልቀምልኝ» ትለኝ ነበር። እኔ ሥራ የማግዛት ይመስለኝ ነበር። ጣቴ ከለስላሳው ምስር መሀል ሻካራዋን ጠጠር ስትፈልግ ያስለቀሰኝን እረሳዋለሁ። ድፎ ስትጋግር ቁራሽ ሊጥ ትሰጠኛለች። ደጅ ስወጣ ጭቃው አለ፣ ቅልብልቦሹ አለ። ከዚያ በፊት ደግሞ ጀርባዋ ላይ ጥብቅ አድርጎ የሚይዘኝ አንቀልባ ነበር።

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ እህቴ ጋ ሰነበትኩ። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ናት። ግቢው ኮብልስቶን ነው፤ የሚቦካ ጭቃ የለም። ልጇ ሲያለቅስ ስልክ ይሰጠዋል። አልፈርድባትም፤ ከሥራ ደክማ ነው የምትገባው። እኛም እዚህ ምንጣፍ ላይ እያሳደግን «አትንካ፣ ትቆሽሻለህ» እንላለን። ያሳዘነኝ ይህ ነው፦ ፈረንጁ በጥናት የደረሰበትን እኛ ከእጃችን እየጣልነው ነው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፌድ አወርዳለሁ። የእዚህ አገር ምስር ጠጠር እምብዛም የለውም፤ ስለዚህ አሥር የሽምብራ ፍሬ እደባልቅበታለሁ። አጠገቡ ቁጭ እላለሁ፤ ትንሽ ልጅ ፍሬ አፉ ውስጥ ከትቶ ሊታነቅ ስለሚችል ብቻውን አይተውም። የሚያጣብቅ ሊጥ አይወድም፤ አላስገድደውም። ሲጨርስ ምስሩ ይታጠብና ማታ አዚፋ ይሆናል። እናቴ ይህን ስትሰማ «እሰይ፣ እህሉም አልተጣለ» አለች።

ትናንት ዘጠኙን ለቅሞ ሰፌዱ ላይ አቀርቅሮ ቆየ። «አባዬ፣ አንዷ ተደብቃለች» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።