ለክቡር የአሳይመንት ማስረከቢያ ገጽ

ጉዳዩ፦ ደጅ ጥናትን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

እንዴት ሰነበቱ? የእኔን ደህንነት አይጠይቁኝ፤ ለነገሩ ጠይቀውም አያውቁ። እርስዎ የሚጠይቁኝ የይለፍ ቃሌን ብቻ ነው።

አሳይመንት በወረቀት በነበረበት ዘመን ያረፈደ ሰው በመምህሩ ቢሮ በር ሥር አሹልኮ ይሄዳል። በር ሰዓት አያነብም። እርስዎ ግን ለእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ሲቀር ይዘጋሉ፤ ያውም በሰርቨርዎ ሰዓት። ላፕቶፔ «ገና ሁለት ደቂቃ አለ» ሲል እርስዎ «ዘግይቷል» ብለው በቀይ ይጽፋሉ። ከላፕቶፔ ጋር አራት ዓመት አብረን ኖረናል፤ ማንን ልመን?

ፋይል ከ2 ሜጋባይት አይብለጥ ማለትዎንም በአክብሮት ተቀብዬ ነበር። ትልቅ ምክንያት ይኖራቸዋል ብዬ። ኋላ ነገሩ የገባው ጓደኛዬ እንዳስረዳኝ፣ 2 ማለት ብዙ ድረ ገጾች የሚሠሩበት ፒኤችፒ ሲጫን ይዞት የሚመጣው ቁጥር ነው፤ የሚነካው ሰው ካልተገኘ እንደተቀመጠ ይቀራል። ለዚህች ቁጥር ስል ሦስት ሳምንት የለፋሁበትን ግራፍ ጨምቄ ጨምቄ፣ መስመሩ ይውጣ ይውረድ እኔም መለየት አቃተኝ።

ደግሞ «መመሳሰል 31 በመቶ» አሉኝ፤ ይህን ያህሉ ከሌላ ሰው ጽሑፍ ጋር ይመሳሰላል ማለትዎ ነው። ልቤ ቀጥ አለ። ከፍቼ ሳየው ያቀለሙብኝ የሽፋን ገጹን፣ መምህሩ የሰጡንን ጥያቄና የዋቢ መጻሕፍቱን ዝርዝር ነው። ክቡርነትዎ፣ የሰው መጽሐፍ ርዕስ በራሴ አባባል ልጻፈው?

ይህን ሁሉ ይቅር ልበል። «ረቂቅ» የምትለዋን ቃልዎን ግን እስከ ዛሬ አልዋጥኩዋትም። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ዴድላይኑ ሁለት ቀን ሲቀረው ፋይሌን አፕሎድ አደረግኩ። ስሙ ታየ፣ መጠኑ ታየ፣ የገባበት ሰዓት ታየ። ለጓደኞቼ ጉራዬን ነዛሁ፤ «እኔ ጨርሻለሁ» እያልኩ ሲጨነቁ አየኋቸው፣ ተኛሁም። ለካስ ገጹ ግርጌ ሌላ ቁልፍ ኖሯል! እሱን ተጭነው፣ «እርግጠኛ ነህ?» ሲባሉ አዎ ብለው፣ ሥራው የራሴ ነው ብለው ምልክት አድርገው ነው ሰብሚት የሚባለው። እስከዚያ ድረስ ፋይሉ «ረቂቅ» ነው፤ አልገባም ማለት ነው። እኔ በረንዳ ላይ ሁለት ቀን ተቀምጬ ኖሯል፤ እርስዎም በመስኮት እያዩኝ «ግባ» አላሉኝም። የጨነቃቸው ጓደኞቼ በመጨረሻዋ ደቂቃ ተጋፍተው ገቡ። ቀድሞ ደርሶ «ዘግይቷል» የተባለው እኔ ነኝ።

ይህንን ደብዳቤም በእርስዎ በኩል አስገብቼዋለሁ። ግርጌ ያለችውን ቁልፍ ግን አልተጫንኩም፤ ስለዚህ በደንብዎ መሠረት እስካሁን ምንም ቅሬታ አላቀረብኩም።

ከሰላምታ ጋር፣
በረንዳ ላይ ያለው ተማሪዎ

ግልባጭ፦
«አጥፍተህ አብራው» ለሚሉት የቴክኒክ ድጋፍ ክፍል

አባሪ፦
1 ግራፍ (ከ2 ሜጋባይት ስለበለጠ አልተያያዘም)